ፉጨትን የሚጠብቅ ጆሮ

በዚያ ቤት ትንፋሽ እንዲሁ አይገኝም። ሌላው ሰው አየሩን የአባቱ ርስት ይመስል እንዳሻው ይስባል። ሲያወራ ይስባል፣ ሲዋሽ ይስባል፣ ሲያንኮራፋማ የጎረቤቱን ድርሻ ጨምሮ ይስባል። የበያጁ ልጅ ግን የምትተነፍሰው በአንገቷ ነው። ስትወለድ ጉሮሮዋ ከላይ ጠባብ ነበር፤ ሐኪሞቹ ከአገጯ ዝቅ ብለው ቀዳዳ ከፈቱ፣ በቀዳዳው ጎባጣ ቱቦ አስገቡ፣ ቱቦውን አንገቷ ላይ በጨርቅ ማሰሪያ አሰሩትና «በርቱ» ብለው ወደ ቤቷ ሸኟት። ቱቦው ንጹሕ ሲሆን ትንፋሿ ቀጭን ፉጨት ያወጣል። አባቷ በዚህ የተነሳ «ፉጨት» አላት፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

አክታ ሲሞላው ፉጨቱ ይጠፋል፤ በምትኩ ውሃ እንዳነሰው ቧንቧ መንኮርኮር ይጀምራል። ያኔ የመምጠጫው ማሽን ተነስቶ፣ ቀጭኑ ላስቲክ በቱቦው ገብቶ አክታው መሳብ አለበት። «ቆይ መጣሁ» የሚባል ቃል በዚያ ቤት የለም። ልጅቷ መጮህ አትችልም፤ ለድምፅ የሚሆነው አየር ድምፅ ከሚሠራበት በታች በቱቦው አምልጦ ያልቃል። ስለዚህ የሚወዳት ሰው አጠገቧ መኖሩ ብቻ አያድናትም። የሚሰማት ሰው ያስፈልጋታል።

ቤቱም በጆሮ የሚተዳደር ቤት ሆነ። እናትየው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋን ከቤት አስወጣች፣ ሲንደቀደቅ የልጇን ትንፋሽ ይሸፍንባታላ። አሁን በእጇ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትቀመቅማለች። ማቀዝቀዣው ማጉረምረም ስለሚያበዛ ወደ በረንዳ ተሰደደ። ሬዲዮው የዕድሜ ልክ ዝምታ ተፈረደበት። የሚንጠባጠበው ቧንቧ አፉን በጨርቅ ታሰረ። እንግዳም ሲመጣ ከጫማው ጋር ድምፁን በር ላይ አውልቆ ይገባል።

እንግዳ ሲባል፣ ምክር ያላዋጣ የለም። «ስታድግ ይተዋታል» የሚሉ አሉ፤ ቱቦ እንደ ጣት መጥባት የሚተው አመል መስሏቸው። «እናንተ ጠንካሮች ናችሁ፣ እኔ ብሆን አልችለውም» የሚሉም አሉ፤ ይህን ካሉ በኋላ እናትየዋ አንዲት ሰዓት እንኳ ጋደም እንድትል ሳያግዙ ጫማቸውን አጥልቀው እብስ ይላሉ። በሆስፒታሉ ኮሪደር ደግሞ «ቤተሰብ የጤና ምሰሶ ነው» የሚል ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። በሥዕሉ ላይ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስቱም ይስቃሉ፤ ሦስቱም ጥሩ እንቅልፍ ተኝተው ያደሩ ይመስላሉ። ምሰሶ ማለት ለተናጋሪው ምንኛ ይቀላል። ምሰሶን ደከመህ ወይ ብሎ የጠየቀ እስካሁን አልተገኘም።

ባልና ሚስቱ ሌሊቱን በፈረቃ ተከፋፈሉት። የመጀመሪያው እኩሌታ የእሱ ነው፤ የኋለኛው የእሷ። እናትየው ከሃያ አራቱ ሰዓት እንቅልፍ የምታገኘው በእሱ ፈረቃ ብቻ ነው። ያም ሲባል እንቅልፍ ነው ለማለት ያህል እንጂ፣ አንድ ጆሮዋን ክፍት ትታ ነው የምትተኛው። ሽንት ቤት ስትገባ በር አትዘጋም። ውሃ ስታፈላ ድስቱን በዓይኗ፣ ክፍሉን በጆሮዋ ታያለች። ሲያስነጥሳት እንኳ ይቅርታ የምትጠይቀው በመሀል ሳትሰማ ያለፋትን ትንፋሽ ነው።

አሁን የበያጁን ነገር እናንሳ። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በር፣ መስኮትና የአጥር ብረት ሲቆርጥና ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑን ከብልጭታ በጥቁር መነጽር ይጠብቃል። ጆሮውንም እንዲሸፍን የመከረው ቢኖር ግን «ሙሽራ ነኝ እንዴ?» ብሎ ይስቅበት ነበር፤ የሥራ ጓደኞቹም አብረው ይስቁ ነበር። በብረት ቤት ወንድነት የሚለካው በመደንቆር ነውና። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ከባዳነት አልፎ ከዳተኛ ሆነ። መጀመሪያ ቀጫጭኑን ድምፅ ሰረቀው፤ የወፉን፣ የማንኪያውን፣ የሰዓቱን። ወፍራም ወፍራሙን ተወለት፤ የጭነት መኪናውን፣ የመዶሻውን፣ የወንዶችን ጉርምርምታ። ስለዚህ ብረት ቤት ሲውል ምንም የጎደለበት አይመስለውም። ማታ ቤቱ ሲገባና ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ነው የሚያውቀው። ከጸጥታው ውስጥ የልጁ ፉጨት የለም።

ለማንም አልተናገረም። ኩራት ነው ብሎ መፍረድ ይቻላል፤ ኩራትም አለበት፣ አይካድም። የከፋው ግን ሂሳቡ ነው፦ እሱ አልሰማም ካለ ሚስቱ አትተኛም፤ እሷ ካልተኛች ትወድቃለች፤ እሷ ከወደቀች ልጅቷን የሚጠብቃት ደንቆሮ ብቻ ነው። እናም ዝም አለ። በጆሮ ምትክ ዓይኑን ዘብ አቆመ። ልጅቷ አየር ሲያጥራት ከቱቦው ዝቅ ብሎ፣ ከደረት አጥንቷ በላይ ያለው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ እሱን እያየ ያመሻል።

«መብራቱን አጥፋው እንጂ፣ ይወጋታል» ትለዋለች ሚስቱ።

«ጋዜጣ እያነበብኩ ነው።»

«ያቺኑ ጋዜጣ?»

«ገና አልገባኝም።»

ዓይን ግን ክዳን አለው። አንዳንዴ ይከደናል። በድንጋጤ ሲነቃ ላብ አጥምቆት ጣቱን ከቱቦው አፍ ላይ ይደቅናል። ሞቅ ያለ አየር ጣቱን እስኪነካው ድረስ ያለችው ያቺ ቅጽበት ዕድሜውን ስትግጥ ኖራለች።

የፈሩት ይደርሳል የተባለው ለዚህ ቤት ነው። እናትየዋ ጎኗን መታመም ጀመረች፤ ቻለችው፤ ብሶ እጥፍ ሲያደርጋት ሆስፒታል ሄደች። ቀዶ ጠጋኙ የሆዷን ፎቶ መስኮት ላይ ለጥፎ ለፎቶው መናገር ጀመረ።

«የሐሞት ከረጢቱ ጠጠር ሞልቶታል። ቢፈነዳ ሕይወትሽን ያስከፍላል። እስካሁን ምን ስትጠብቂ ነበር?»

«የሚተካኝ አጥቼ ነው ዶክተር፣ የታመመች ልጅ አለችኝ።»

«ባል የለሽም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

መንገዱን ሁሉ ይህቺ «ታዲያ» ተከተለቻት። ቤት ስትደርስ ባሏን ከፊቷ አስቀመጠችው።

«አባቷ፣ ብቻህን ትችላታለህ?»

«ልጄ አይደለችም እንዴ? ፈረሱን ለሰው እንዳዋሰ ሰው ትጠይቂኛለሽ።»

«እኔ እንቅልፍ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ። አንተን ግን እኔ ስጠራህ እንኳ ሁለቴ ነው።»

«አንቺ ስትጠሪኝ ነዋ። ዋናው ሥራ የሚነገረው በሁለተኛው ጥሪ መሆኑን ደርሼበታለሁ።»

ሳቀች፤ ስትስቅ ጎኗን ያዘች። እሱ አብሯት ሳቀ። በማግስቱ ብረት ቤት ሄዶ ከቁራጭ ላሜራ ትንሽ ደወል ሠራ። ሐሳቡ ብልህ ነው፦ ደወሉ ከአልጋው ራስጌ ይሰቀላል፣ ክሩ ከልጅቷ እጅ ይታሰራል፣ አክታ ሲይዛት ትስበዋለች። ሠርቶ ሲጨርስ እንደ ልማዱ ፈተነው። በያጅ ብየዳው መያዙን የሚፈትነው ብረቱን በእጁ ጨብጦ በመምታት ነው። ደወሉን ጨበጠ፣ መታው፤ ንዝረቱ በክንዱ አጥንት አልፎ ራስ ቅሉ ገባ። «ኧረ ይሄማ ሙት ይቀሰቅሳል» አለ ለራሱ፣ ደስ ብሎት። እጁ የሰማውን ጆሮው የሰማ መሰለው። ይህን ስሕተት አስተማሪ አይሳሳተውም፣ ሹፌር አይሳሳተውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ብረትን በመዳፉ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ብቻ ነው የሚሳሳተው።

ደወሉ ተሰቀለ። እናትየው ወጥ ቤት ገብታ ቆመች፤ ልጅቷ ክሩን ሳበች።

«ጥርት አድርጎ ይሰማል» አለች እናት ከዚያ ሆና። «ለአንተስ?»

በያጁ ደወሉ ሲወዛወዝ በዓይኑ አየ፤ ለጆሮው ግን ምንም አልደረሰም። «ለእኔማ» አለ፣ «ለሰፈሩም ተርፏል።» ልጅቷ አባቷን ትክ ብላ አየችው።

እናትየው ሆስፒታል የገባች ዕለት ጠዋት ከበሩ መውጣት አቃታት። የልጅቷን የአንገት ማሰሪያ አጠበቀች፣ አላላች፣ መልሳ አጠበቀች። ተለዋጩ ቱቦ ያለበትን ሣጥን ለባሏ ለመቶኛ ጊዜ አሳየችው። «ዓይንህን ከእሷ እንዳታነሳ። ጭንቅ ከሆነ ግድግዳውን ደብድብ፣ እትዬ ዜና ይሰማሉ።»

እትዬ ዜና ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው። እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ሰፈሩ በሥራቸው ስም አወጣላቸው። ሳይሰሙት ያለፈ ጠብ፣ ሳያወሩት የቀረ እጮኝነት የለም። ጆሯቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ይውላሉ ይባላል። ሐሜት ሊሆን ይችላል፤ ጉንጫቸው ላይ ግን አልፎ አልፎ ኖራ ይታያል።

ረፋዱ በደህና አለፈ። በያጁ ጉልበቱን ከአልጋው አስነክቶ ተቀመጠ፤ አልበላም፣ ሽንቱንም ያዘ። ልጅቷ ሥዕል ትቀባለች፣ እሱ የአንገቷን ጎድጓዳ ይጠብቃል። አንዴ በክፉኛ ሰረጎደ፤ ማሽኑን አነሳ፣ መጠጠ፣ ተስተካከለ። «አየሽ?» አላት፣ «አባትሽ እኮ ነው።» ሰው ሊወድቅ ሲል እንዲህ ራሱን ማመስገን ይወዳል።

ከዚያ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሆስፒታሉ ነው።

በዚያ ቤት ስልክ የሚሠራው መስኮቱ ጋ ብቻ ነው። ሄደ፣ አንዱን ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ፣ ስልኩን በሌላው ላይ አጣበቀው። የነርሷ ድምፅ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። ከምትናገረው ግማሹ አይደርሰውም።

«...ባለቤትዎ... ደም... አላ...»

«ምን? ደም ምን ሆነ?»

«...ደም... ከኦፕ... ወጥ...»

«አልሰማም ሲስተር፣ ጮክ በይ። ምን ሆነች? ሞታለች?»

ለመስማት የሚጨነቅ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። በያጁም ጨፈነ። በዚህ ዓለም ላይ የነበረችውን አንዲት የምትሠራ ዘብ በገዛ እጁ ከበር አነሳ።

ከኋላው ደወሉ ይጮኻል። ልጅቷ ክሩን መጀመሪያ በልክ ሳበችው። ቀጥሎ በፍጥነት። የቀለም ዕቃዋን ወረወረች፤ መሬት ላይ ተንከባለለ። አባት መስኮቱ ላይ ተደፍቶ «ሞታለች ወይ?» እያለ ይጮኻል።

ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ዜና ሰሙ። በመጀመሪያ አባትና ልጅ የሚጫወቱ መሰላቸው። ደወሉ ሲፈጥን ጆሯቸውን ቀሰሩ። ደወሉ እየቀዘቀዘ፣ እየራቀ ሄዶ ዝም ሲል ተነሱ። በአንድ እግር ጫማ እየሮጡ መጡ። ያዩት ይህ ነው፦ አልጋው ላይ ከንፈሯ እንደ ቀለም የጠቆረ ልጅ፣ ከእጇ ጋር የተወጠረ ክር፣ መስኮቱ ጋ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጮኽ ሰው። ሊጠሩት አልሞከሩም። ኮሌታውን ይዘው እንደ በር አዞሩት።

ስልኩ ወደቀ። በያጁ ላስቲኩን በቱቦው ሰደደ፤ አልገባ አለ፤ አክታው ደርቆ ደፍኖታል። እጁ ግን አልከዳውም። ማሰሪያውን ፈታ፣ ቱቦውን ነቅሎ አወጣ፣ አዲሱን ከሣጥኑ አንስቶ በቀዳዳው አስገባ። ምንም። ደረቷ አልተንቀሳቀሰም። እትዬ ዜና እድሜያቸውን ሙሉ አፋቸው ቃል አጥቶ አያውቅም ነበር፤ አጣ። ከዚያ ልጅቷ ባንዴ ተወራጨች፣ ሳለች፣ አባቷ ፊት ላይ ተፋች። ያ ምራቅ ለእሱ ምርቃት ነበር። ጣቱን ከቱቦው አፍ ላይ ደቀነ። ሞቃት አየር።

እትዬ ዜና ስልኩን ከመሬት አነሱት። ነርሷ አሁንም እዚያው ናት።

«ሄሎ? ባለቤትዎ ከኦፕራሲዮን ወጥታለች፣ ደም አላስፈለጋትም፣ ነቅታለች እያልኩዎት እኮ ነው። ደግሞ ምን አድርጌ ነው የሚጮኹብኝ?»

«እሺ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ» ብለው ዘጉ። ከዚያ ወደ አልጋው ራስጌ ሄዱ፤ በያጁ ጀርባውን ሰጥቶ ልጁን አቅፏል። ደወሉን አንዴ መቱት። አልዞረም። ጠንከር አድርገው መቱት። አልዞረም። ዞረው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ማን ያውቃል?»

«ማንም። እትዬ፣ እባክዎ ለእሷ እንዳይነግሯት።»

«ሰፈሩ እኔን ማን ብሎ እንደሚጠራኝ አታውቅም? እኔ መደበቅ አልችልበትም። ስትመለስ ቀድመኽኝ ንገራት። እስከዚያው ጆሮ ከፈለግህ፣ ይኸው» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰፈሩ ሲያማው የኖረ ጆሮ፣ ሚስት እስክትመለስ ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሳም።

እናትየው ተደግፋ ገባች። ልጇን ገላልጣ አየች፣ አዲሱን ቱቦ አየች፣ ባሏን አየች። እትዬ ዜና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። በያጁ ገባው።

«አልሰማም» አለ።

«ምኑን?»

«እሷን። ፉጨቷን።»

የመስኮቱንም፣ የስልኩንም ነገር አንድ በአንድ ነገራት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የፊት ጥርሶቿ ሳይወልቁ በፊት።»

እናትየው የልጇን አፍ አየች። ጥርሶቹ ወልቀው፣ አዲስ በቅለው፣ ጫፋቸው እንደ መጋዝ ተሰልፏል። የሰው ፍርሃት ብዙውን ጊዜ ወደፊት ነው የሚያየው፤ ነገ ምን ይመጣ ይሆን ይላል። የእሷ ፍርሃት ዞሮ ወደ ኋላ ሮጠ። ያ ሁሉ ሌሊት። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ስትተኛ፣ መብራቱ በርቶ፣ ጋዜጣው ተዘርግቶ፣ ዘቡ ምንም ሳይሰማ። ገደል አፋፍ ላይ ተኝቶ አድሮ ጠዋት የነቃ ሰው እንደሚሆነው ሆነች።

«እኔ እኮ ተኝቼ ነበር» አለች። «አንተ አለህ ብዬ ተኝቼ ነበር።»

በያጅ ለሁሉ ነገር ቀልድ አለው፤ ለዚህ አልነበረውም።

ፉጨት የእናቷን እጅ መታ መታ አደረገች። ቤቱ የራሱ የጣት ቋንቋ አለው። አባቷን ጠቆመች፤ ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች። ወደ ራሷ ጠቆመች፤ ሁለት ዓይኖቿን በጣቶቿ ፈልቅቃ አሳየች።

«በአባባ ሰዓት አልተኛም ነው የምትለው» አለች እናት። «ማን ነገረሽ አንቺ? ማን ነገረሽ እንደማይሰማ?»

ልጅቷ ከአባቷ ጀርባ ሄዳ እንዳጨበጨበች በእጇ አሳየች። ሞክራዋለች። ሐኪም ያላዘዘውን ምርመራ በራሷ አድርጋ ውጤቱን ሆዷ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ከዚያ የእጅጌ ጫፍ መጎተት አሳየች፦ አክታ ሲይዛት እጅጌውን ትጎትታለች። በያጁ እጅጌውን አየ። እነዚያ በላብ ተጠምቆ የነቃባቸው ሌሊቶች፣ ራሱ የነቃ ይመስለው ነበር። የአባትነት ደመ ነፍስ ነው ብሎ በልቡ ኮርቶ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች እናት።

ፉጨት እናቷን ጠቆመች። ከዚያ ሁለት መዳፎቿን አጋጥማ ጉንጯን አሳረፈችባቸው። አንቺ እንድትተኚ።

እትዬ ዜና ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ። «ነገ ማታ እኔ ነኝ» አሉ ሳይዞሩ። የዚያን ቀን ነገር ለማንም አልተናገሩም፤ ይህም በሰፈሩ ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ከምሳ በኋላ እናትየው ቁስሏን ደግፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ዘብ አይደለሽም» አለቻት። «ልጅ ነሽ። ልጅ ይተኛል። እኔ እሰማለሁ፣ እሺ? ተኚ የኔ እናት።» ፉጨት እናቷን አየች፣ አባቷን አየች፣ ዓይኖቿን ጨፈነች። በያጁ መዳፉን ደረቷ ላይ አሳረፈ፤ ብረት የለመደው እጁ የምትስበው አየር መውጣቱንና መግባቱን ያዳምጣል። ክፍሉ ጸጥ አለ። እሱ ባይሰማውም ፉጨቱ ነበር፤ ቀጭን፣ ንጹሕ።

ቆየት ብሎ ቀና አለና ሚስቱን በጣቱ ጠየቃት፦ ተኛች?

እናት ልጇን ታውቃለች፤ ሽፋሽፍቷ ሥር ዓይኗ ሲንቀሳቀስ ይታያታል። ራሷን ወዘወዘች። አልተኛችም።